ኤሌክትሮዷ እንዳትደርቅ

የፋሲካ ሰኞ አልፎ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተር ኦቲሊያ ማቭሮዲን የቤተ ሙከራዋን በር ከፈተች። የመስኮቱ መስታወት ወለሉ ላይ ተበትኗል።

ገንዳው ተገልብጧል። ሰው ሠራሹ ምራቅ ጠረጴዛው ላይ ፈሶ ደርቋል። አራት ወር ሙሉ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት እንደ ሰው አፍ አድርጋ ያቆየቻቸው አሥራ ሁለት የብረት ቅይጥ ቁራጮች፣ እያንዳንዳቸው ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጡ፣ አንዱም አልተረፈም። የመለኪያ ደብተሯ የለም። መሣሪያው ግራፍ የሚሥልበት የወረቀት ጥቅልም የለም።

አልጮኸችም። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ያሰበችው ሐሙስን ነው።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የጤና ኮሚቴው ይሰበሰባል። አዲሱ የጥርስ ሙሌት በያሽ አውራጃ ላሉ አሥራ አንድ ሺህ ተማሪዎች ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ፣ የሚወስነው ያን ቀን ነው። ሙሌቱን የሚሠራው ፋብሪካ «ቅይጡ አይዝግም» ይላል። ብረት ሲዘግ ደግሞ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ኦቲሊያ የምትለካው ያንን ነው። የለካችው ነገር እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። ሙሌቱ ምራቅ ውስጥ በዝገት ይበላል፤ ሲበላ ያብጣል፤ ሲያብጥ የልጅ ጥርስ ይሰነጥቃል።

ይህን የሚያውቀው ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ጠፋ።

ሻምበል ዛምፊራ ሎጊን ከወንጀል ምርመራ ስትደርስ ቀድሟት የመጣው ሃምሳ አለቃ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ክርስቶስ ተነሥቷል፣ ሻምበል!»

«በእውነት ተነሥቷል። ይሄ ሰውዬ በካቴና የታሰረው ምን አድርጎ ነው?»

«ሌባው እኮ ነው! ኒስቶር ይባላል፤ ለቤተ ሙከራው የመስታወት ዕቃ የሚነፋ። ትናንት ሰክሮ ምድር ቤት ተኝቶ ነበር። የተሰረቀው ቅይጥ የብር ማዕድን አለበት። የሰውዬው ኪስ ውስጥም ብር አገኘሁ።»

ኒስቶር ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ የሥራ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። የታችኛው ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ከንፈሩ ምን ሆነ?»

«ወድቆ ነው።»

«እጅህ ላይ ነው የወደቀው?»

ሃምሳ አለቃው ቀበቶውን ማስተካከል ጀመረ። ዛምፊራ ደሟ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች፤ መጀመሪያ የሚያዘው ሁልጊዜ የሥራ ልብስ የለበሰው ሰው ነው። ሰበብ ደግሞ አይጠፋም።

«ጋሽ ኒስቶር፣ ብሩ ምንድነው?»

«የብየዳ ሽቦ ነው፣ ልጄ። ፈርሜ ነው የወሰድኩት፤ መዝገቡን እዪ። ጠጥቻለሁ፣ እሱን አልዋሽም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በዓል ሲመጣ ቤቴ ያስጠላኛል። ግን እነዚህን ብልቃጦች በገዛ ትንፋሼ ነው የሠራኋቸው። እኔ ልስበራቸው?»

ዛምፊራ ጠረጴዛውን ዞር ብላ አየች። ከስብርባሪው መሃል አንዲት ትንሽ የሽቦ መረብ ታብረቀርቃለች።

«ዶክተር፣ ይቺ ምንድናት?»

«ፕላቲነም ናት» አለች ኦቲሊያ። «ከጠፉት ቁራጮች ሁሉ እሷ ብቻዋን በዋጋ ትበልጣለች።»

«ሰማህ፣ ሃምሳ አለቃ? ሌባህ ብር ፍለጋ መጥቶ ፕላቲነሙን ረግጦት ሄደ።»

«ምናልባት አላወቀው ይሆናል…»

«ሃያ ዓመት እዚህ የሠራ ሰው? ደግሞስ ይሄ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በመስኮት የገባው ማነው፣ ርግብ ነው? በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያለው ሰው ነው የከፈተው። ፍታው።»

ካቴናው ተፈታ። ኒስቶር እጁን እያሸ ቆመ፤ ይቅርታ ያለው ግን አልነበረም።

ኦቲሊያ በዚህ መሃል ድንገት ተነስታ መስኮቱ ሥር ወዳለው መደርደሪያ ሄደች። እዚያ አንድ የሰናፍጭ ብርጭቆ ተቀምጧል። ውስጡ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ እርሳስ የምታህል ቀጭን የመስታወት ዘንግ ቆማለች። አንድ ጭረት እንኳ አልነካትም።

«ይቺን እዚህ ያስቀመጥኳት እኔ አይደለሁም» አለች።

«ምንድናት?»

«የማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ። የምንለካውን ሁሉ ከእሷ ጋር አነጻጽረን ነው። ዓርብ ስወጣ በራሷ ዕቃ ውስጥ ነበረች። ዕቃዋ ያውና፣ ተሰብሯል። ሰባሪው እሷን ግን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ሌላ የጨው ውሃ አዘጋጅቶላት፣ ትንሿን የጎማ ክዳኗን እንኳ ገጥሞላት ነው የሄደው።»

«ለምን?»

«እንዳትደርቅ። ከደረቀች ትሞታለች። የዚህ ሙያ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ እሷን ጨው ውስጥ ይነክራል፤ እጁ ለምዶታል።»

ዛምፊራ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ከሥሩ ያልሟሟ ነጭ ጨው ተቀምጧል።

«የዚህ ፎቅ ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ። የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ባዳራው። ከታች ካለው ክሊኒክ ደግሞ ውጤት ለመውሰድ የሚመጣው የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተር ግሪጎራሽ።»

ፕሮፌሰር ኮርነል ባዳራው ዛምፊራን ቢሮው ውስጥ ተቀበላት። ሽበቱ በሥርዓት ተበጥሯል። ከፊቷ የፋሲካ ጣፋጭ ዳቦ አቀረበላት፤ አልነካችውም።

«እሑድና ሰኞ የት ነበሩ፣ ፕሮፌሰር?»

«እህቴ ጋ፣ ገጠር። ምን ይደረግ፣ እንዲህ ያለ ውርደት በአርባ ዓመት ሥራዬ አይቼ አላውቅም።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«የሰው ስም ማጥፋት አልወድም።»

«እንግዲያው አያጥፉ። የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ፕሮፌሰሩ ተነፈሰ። «ግሪጎራሽ ዓርብ ዕለት እዚህ መጥቶ ኦቲሊያ ላይ ሲጮህ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ሙሌቱን ለሙከራ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያው ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። አሥራ ሰባት ልጆች። ቅይጡ መጥፎ ነው ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ደግሞ ኦቲሊያም ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን ወጣት ናት። ውጤቷ ስህተት ሆኖባት ደንግጣ ቢሆንስ? ሰው ነን።»

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሰው ሸጠ። ዛምፊራ ይህን ልብ ብላለች፤ ግን ሰው መሸጥ በሕግ አያስቀጣም።

ዶክተር ግሪጎራሽን ክሊኒኩ ውስጥ እጁን ሲታጠብ ነው ያገኘችው። አንገቱ ወፍራም፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ነው። ዞር ብሎም አላያትም።

«ዓርብ ለምን ጮህክ?»

«ሐሙስ ድረስ ጠብቅ ስላለችኝ! ሦስት ልጆች ጥርሳቸው ተሰንጥቆ ነቅያለሁ። ድዳቸው ጠቁሯል። እኔ ወረቀቱን ዛሬውኑ አውጪው እላታለሁ፣ እሷ አንድ መለኪያ ይቀረኛል ትለኛለች!»

«ሙሌቱን ያስገባኸው አንተ አይደለህ? ወረቀቱ ቢጠፋ ይጠቅምሃል።»

አሁን ዞረ። ፊቱ ቀልቷል።

«ሻምበል፣ ማታ ማታ የማየው የእነዚያን ልጆች አፍ ነው። ምን እንደሚጠቅመኝ አንቺ ንገሪኝ!»

ከኪሷ አንዲት አሮጌ፣ የማትሠራ ኤሌክትሮድ አወጣች፤ ኦቲሊያ ከተጣሉ ዕቃዎች መሃል የሰጠቻት ናት።

«እስቲ ይህቺን ቦታዋ አስቀምጥልኝ።»

ግሪጎራሽ ግራ ገብቶት ተቀበላት። ቧንቧ ከፍቶ አጠባት። በፋሻ ጠረጋት። ደጋግሞ ጠረጋት። ከዚያ በደረቅ የብረት ሳህን ላይ፣ ከመንቀያዎቹ ጎን አጋደማት። ክሊኒኩ ውስጥ እርጥብ ሆኖ የሚያድር ዕቃ የለም።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጎበዝ» አለችውና ወጣች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሃምሳ አለቃው እየጠበቃት ነበር። «እንግዲያው ዶክተሯ ናት፣ ሻምበል። ጨው ውስጥ መንከር የምታውቀው እሷ ናት።»

«ሁለት ሰው ያውቃል። ዶክተር፣ ይህ ጨው የወጥ ቤት ጨው ነው?»

«መሆን የለበትም። ለእሷ የሚሆናት ፖታሲየም ክሎራይድ ነው» አለች ኦቲሊያ። ከዚያ ቆም አለች። ግንባሯን ያዘች። «እኔ ግን ፖታሲየም ክሎራይድ የለኝም! ዓርብ ጠዋት ጨርሼዋለሁ። ጠርሙሱ ባዶ ነው። ከግምጃ ቤት ጠይቄ እስከሚቀጥለው ወር የለም ተብያለሁ።»

«እርግጠኛ ሁኚልኝ። ይሄ ጨው የትኛው ነው?»

ኦቲሊያ የጋዝ ምድጃውን ለኮሰች። የሽቦ ጫፍ ብርጭቆው ሥር ካለው ጨው ላይ ነክራ እሳቱ ውስጥ ከተተችው። እሳቱ ትንሽ ቢጫ ቢጫ አለ። ሃምሳ አለቃው «ያው የወጥ ቤት ነው!» ብሎ ሊፈነድቅ ሲል ሰማያዊ መስታወት አምጥታ በእሳቱና በዛምፊራ ዓይን መካከል ያዘች።

«ቢጫው ከትንሽ የወጥ ቤት ጨው ቅሪት ነው፤ እሱን መስታወቱ ያስቀረዋል። አሁን እዪ።»

በመስታወቱ ውስጥ ነበልባሉ ሐምራዊ ነበር።

«ፖታሲየም ነው» አለች ኦቲሊያ።

«በዚህ ሕንፃ ውስጥ ይህ ጨው የት አለ?»

ኦቲሊያ አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። መልሱን አውቃዋለች። ማንም ያውቀዋል። ሁሉ ነገር ከገበያ በጠፋበት በዚያ በእጥረቱ ዘመን የኖረ የሳይንስ ሰው ሁሉ የራሱ ቁም ሣጥን አለው፤ ያገኘውን ይደብቅበታል፤ ዘመኑ ቢያልፍም ቁልፉን ከአንገቱ አያወርድም። በዚህ ፎቅ እንዲህ ያለ ቁም ሣጥን ያለው ደግሞ እሷን ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ ምን እንደሆነ ያስተማራት፣ የመጀመሪያዋን ብልቃጥ ያስያዛት ሰው ነው።

«ፕሮፌሰሩ ጋ» አለች፤ እንባዋ መጣ። ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር።

ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ቡናማው ጠርሙስ ከፊት ለፊት ተቀምጧል። ባዳራው ፊቱ አልተለወጠም።

«ዓርብ ማታ ለኦቲሊያ ጥቂት ሰጥቻታለሁ። እጥረት እንዳለባት ነግራኝ።»

«አልሰጡኝም!» አለች ኦቲሊያ።

«ረስተሽው ነው፣ ልጄ። ደንግጠሻል።»

ዛምፊራ ከግምጃ ቤት ያስመጣችውን ወረቀት ዘረጋች። «ይህ የጨው መጠየቂያ ነው። ዓርብ የተጻፈ። ‹በክፍላችን ከዚህ ጨው ፈጽሞ የለም› ይላል። ከሥሩ የማን ፊርማ ነው?»

ባዳራው ወረቀቱን አየው። የራሱ ፊርማ ነው።

«እርስዎ ራስዎ የለንም ብለው ፈርመው፣ ከዚያ አውጥተው ሰጧት? ወይስ ለመንግሥት የለኝም፣ ለራሴ አለኝ ነው?» ዛምፊራ ወደፊት ጎንበስ አለች። «ወደ እህትዎ መንደርም ስልክ ደውያለሁ። እሑድ ከምሳ በኋላ ወደ ያሽ ተመልሰዋል። ሰኞ ቀን፣ ሰው ሁሉ ማዕድ ላይ ሳለ፣ እዚህ ነበሩ። ሰባበሩ። ሰርቀው ለመሄድ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ኤሌክትሮዷ ትዝ አለችዎ። ተመለሱ።»

ባዳራው ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሁለተኛ የላትም» አለ ባዳራው በመጨረሻ። ድምፁ ደክሟል። «ሦስት ዓመት ደብዳቤ ጽፌ ያስመጣኋት ናት። ለእነሱ ብርጭቆ ናት፤ ለእኔ ግን… ማድረቅ አልቻልኩም።»

«አሥራ ሰባት ልጆች ግን አሉ» አለች ዛምፊራ። «እነሱስ ብርጭቆ ነበሩ?»

«አታውቂም! ፋብሪካው ማረጋገጫውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈለገ። የፋብሪካው ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። መለኪያ መሣሪያው ያኔ ተበላሽቶ ነበር። ቅይጡ ከውጭው ቅይጥ አይለይም አሉኝ፤ የውጭውን ግራፍ ገልብጬ ፈረምኩ። አንድ ፊርማ! ከዚያ ኦቲሊያ መለካት ጀመረች። በየቀኑ ልናገር አስባለሁ፣ በየቀኑ ደግሞ ከትናንቱ ይከብዳል። አርባ ዓመት የገነባሁት ስም ነው።»

«ቁራጮቹስ?»

«ናይትሪክ አሲድ ውስጥ አሟሟኋቸው። ከዚያ ቧንቧ ውስጥ። ደብተሩን አቃጥያለሁ።» ቀና አለ፤ የድሮ ኩራቱ ተመለሰ። «እሰሩኝ። ሐሙስ ግን ኮሚቴው ፊት የሚቀርብ ነገር የላችሁም። ደግሞም አጋነናችሁት። ቅይጡ ያን ያህል መጥፎ አይደለም። ትንሽ ቢዝግ ማንም አይሞትም።»

በሩ ላይ ግሪጎራሽ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ ያየው የለም። እጁ ላይ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ ይዟል፤ ውስጡ ሦስት የልጅ ጥርሶች አሉ፤ ሦስቱም ላይ ጥቁር ሙሌት።

«አልጣልኳቸውም» አለ ለኦቲሊያ። «እነዚህን መለካት ትችያለሽ?»

«ሽቦ አያይዤ፣ የቀረውን በሰም ሸፍኜ… እችላለሁ። መለኪያው አለ። ኤሌክትሮዷም አለች።»

ከዚያ ሐኪሙ ወደ ባዳራው ዞረ።

«ትንሽ ቢዝግ ማንም አይሞትም አልከኝ?»

«ዶክተር፣ አንተ አትበለኝ…»

«እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ አይታየኝም! የፈረምከውን ወረቀት አምኜ ነው ልጆች አፍ ውስጥ የጨመርኩት። ና፣ ውረድ። ወንበሬ ከታች ነው። ቅይጡም አለኝ፤ ካንተ ፊርማ ጋር ነው የመጣው። አንድ ጥርስህን ብቻ እሞላልሃለሁ። አንድ! ከሞላሁልህ በኋላ ኮሚቴው ፊት ቀርበህ ጥሩ ነው በል፤ እኔም እመሰክርልሃለሁ።»

ባዳራው አልተነሳም።

«አፍህን ክፈት እንጂ!»

ፕሮፌሰሩ መዳፉን ቀስ ብሎ አነሳና አፉን ሸፈነ። ዛምፊራ ሃምሳ አለቃውን ጠራችው።

«አሁን ካቴናህን አምጣ።»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ ነበር። ኒስቶር በተሰነጠቀ ከንፈሩ አዲስ ብልቃጥ ነፋ፤ ሲነፋ ደም ጠብ ይልበታል፤ እየተሳደበ ጠርጎ ይቀጥላል። ኦቲሊያ ምራቁን አዘጋጀች። ከሦስቱ ጥርሶች ሁለቱን ማታ አምስት ሰዓት ላይ ለክታ ጨረሰች። የወረቀቱ መስመር ከጠፋው ጥቅል ላይ እንደነበረው ያለ ማመንታት ሽቅብ ወጣ።

ሐሙስ ኮሚቴው ሊያለሳልሰው ሞከረ። ሰብሳቢው መነጽሩን እየጠረገ «ሁለት ጥርስ ትንሽ ነው፤ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ ብናስተላልፈውስ» አለ።

ግሪጎራሽ ተነሳ።

«አሥራ ሰባት ልጆች» አለ። «ሙሌቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ስሜን ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚያስተላልፍ ሰው ካለ የእሱንም ስም ከኔ ቀጥሎ ጻፉ።»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሳች። የራሱ ስም ከዚያ ስም ቀጥሎ እንዲጻፍ የፈለገ አልተገኘም። ቅይጡ ታገደ።

ቅዳሜ ጠዋት ግሪጎራሽ ዕቃውን ይዞ ማሳደጊያው ሄደ፤ ያስገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ሊያወጣ። መጀመሪያ የተቀመጠችው ሳፍታ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ወንበሩ ላይ ወጣች። ከንፈሯን ግን ገጥማ ያዘች።

«ሳፍታዬ፣ አፍሽን ክፈቺልኝ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ላስተካክለው ነው የመጣሁት።»

«ያኔም ጥሩ ነው ብለኸኝ ነበር» አለች በጥርሶቿ መካከል። «መጀመሪያ አንተ ክፈት።»

ሐኪሙ መሣሪያውን አስቀመጠ። መብራቱን ወደ ራሱ ፊት አዞረ። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እሷ በደንብ እንድታይ አፉን እስከሚችለው ድረስ ከፈተ።